ስሟ የተጻፈላትና ስሟ ያልተጻፈላት፦ የሴት ምስል ከፋርስ አዳራሾች እስከ ጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት

(በወረታ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በግድግዳ ላይ ስለ ተሣለች ሴት ነው። ጉዳዩን ከሩቅ፣ ከፋርስ ነገሥታት አዳራሾች እጀምራለሁ። ከዚያ ወደ ጎንደር ዘመን ሥነ ሥዕል እመለሳለሁ፤ በመጨረሻም እዚሁ ወረታ በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ወደምናያት ሴት እደርሳለሁ። ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ማን ናት? መልሱ ፊቷን በማየት ብቻ አይገኝም። ግድግዳው የማን እንደ ነበረ፣ ሥዕሉን ማን እንዳዘዘው፣ ከአጠገቧ ስሟ ተጽፎ እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፋርስ አዳራሾች

በፋርስ፣ ማለትም በዛሬዋ ኢራን፣ በቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ የሰው ምስል መሣል የቆየ ልማድ ነው። ቀዳማዊ ሻህ አባስ በ1598 መናገሻውን ወደ ኢስፋሃን ካዛወረ በኋላ ልማዱ በእጅጉ ተስፋፋ። ከዚያ ዘመን ከቀሩት ሕንፃዎች አንዱ ቼሄል ሶቱን ይባላል፤ ትርጉሙ «አርባ ዓምድ» ማለት ነው። ዓምዶቹ ግን ሃያ ናቸው፤ ሌሎቹ ሃያ ከፊት ለፊቱ በተዘረጋው የገንዳ ውኃ ውስጥ የሚታዩት የራሳቸው የዓምዶቹ መልኮች ናቸው። በታላቁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነገሥታቱ እንግዳ ሲቀበሉና ጦር ሲመሩ ተሥለዋል። ከእነዚህ ትላልቅ ሥዕሎች ሌላ ጽዋ የያዙ ወጣቶችና በመስክ ላይ የተቀመጡ ሴቶች የሚታዩባቸው ትንንሽ ሥዕሎችም አሉ። ትልልቆቹ ታሪክ ይናገራሉ፤ ትንንሾቹ ደስታን ያመለክታሉ።

በዚያው በ17ኛው መቶ ዘመን ኢስፋሃን የብዙ ሕዝብ መገናኛ ነበረች። የአርመን ነጋዴዎች በከተማዋ ዳር የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው፤ የአውሮፓ ነጋዴዎችና ሠዓሊያንም ይመላለሱ ነበር። በዚህ ግንኙነት መካከል በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የመሣል ጥበብ ሥር ሰደደ። ኢስፋሃን በ1722 በአፍጋኖች እጅ ብትወድቅም ጥበቡ አልጠፋም። በካሪም ኻን ዘመን በሺራዝ ቀጠለ፤ ከ1797 እስከ 1834 በቴህራን በነገሠው በቃጃሩ ንጉሥ በፋትሕ ዓሊ ሻህ ዘመንም ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

የቃጃር ዘመንን የሴት ሥዕሎች ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳቸውም። ፊታቸው ክብና ነጭ ነው፤ ቅንድባቸው ከአፍንጫቸው በላይ ይገናኛል፤ ጣቶቻቸው ሂና የሞቁ ናቸው። ልብሳቸው በዕንቍ የተሞላ ነው። አንዷ አበባ ትይዛለች፤ ሌላይቱ ጽዋ። አንዷ ታር የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ትመታለች፤ ሌላይቱ ከበሮ። በእጆቿ ቆማ እግሮቿን ወደ ሰማይ ያነሣች አክሮባት የምትታይበት ሥዕልም አለ፤ እንዲህ ያለው ሥዕል ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል።

ልብ ልንለው የሚገባን ነገር የሸራው ቅርጽ ነው። የብዙዎቹ ሥዕሎች ላይኛ ጫፍ እንደ ቅስት የሾለ ነው። ይህ የሆነው ሠዓሊው ቅርጹን ስለ ወደደው አይደለም። ሥዕሎቹ የተሠሩት በአዳራሹ ግድግዳ ውስጥ ለተዘጋጁ ባለ ቅስት ክፍተቶች ነበር። በአንዱ ክፍተት ሙዚቀኛዋ፣ በሚቀጥለው ጨፋሪዋ፣ ከዚያም ጽዋ የያዘችው ይሰለፋሉ፤ በመካከላቸው መስታወትና የተቀረጸ ኖራ አለ። ስለዚህ አንዲት ሴት ለብቻዋ ታይታ ትርጉም እንድትሰጥ አልተሠራችም። እንደ ዓምዱና እንደ መስታወቱ ሁሉ የቤቱ አካል ነበረች፤ ሥራዋም አዳራሹን መሙላት ነበር።

አሁን ወደ ስም እንምጣ። በፋትሕ ዓሊ ሻህ የመልክ ሥዕሎች ላይ ብዙ ጊዜ የንጉሡ ስም በጥግ ተጽፎ ይታያል። ሚህር ዓሊን የመሰሉ የቤተ መንግሥት ሠዓሊያንም በሥራቸው ላይ ስማቸውን ያኖሩ ነበር። በአዳራሹ ተሰልፈው የቆሙት ሴቶች ግን በአብዛኛው ስም የላቸውም። ፊታቸውም እርስ በርሱ ይመሳሰላል፤ የአንዲት የታወቀች ሴት መልክ ሳይሆን የውበት መለኪያ ነውና። ስለዚህ የመልክ ሥዕል ብለን ስንጠራቸው በጥንቃቄ መሆን አለበት። የመልክ ሥዕል ሰውን ከሌላው ሰው ይለያል፤ እነዚህ ግን ያመሳስላሉ።

አፍሳኔ ናጅማባዲ የተባሉት የታሪክ ምሁር በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ በቃጃር ዘመን መጀመሪያ የወጣት ወንድና የወጣት ሴት ውበት በአንድ ዐይነት መልክ ይሣል እንደ ነበር፣ ልዩነቱ እየሰፋ የመጣው በኋላ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ማስጠንቀቂያ ይሆነናል። «የምሥራቅ ሴት ሁልጊዜ እንዲህ ትሣል ነበር» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ልማዱ መነሻም ለውጥም ነበረው።

ጌጥ ማለትም ከንቱ ማለት አይደለም። በአዲስ ሥርወ መንግሥት የነገሠ ሰው ሀብቱንና የደስታውን ብዛት ለእንግዳ ማሳየት ይፈልጋል። የተሰለፉት ሴቶች የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ቤቱ ጌታ ነው።

የጎንደር ዘመን

ኢስፋሃን በወደቀችበት በ1722 በጎንደር አፄ በካፋ ከነገሡ ገና አንድ ዓመታቸው ነበር። ሁለቱ አገሮች አንዳቸው ከሌላው ፈጽሞ የተለያዩ አልነበሩም። የጎንደር ነገሥታት መልእክተኛ የነበረው አርመናዊው ነጋዴ ኮጃ ሙራድ በ17ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ሕንድና እስከ ባታቪያ ተጉዟል። በቀይ ባሕር በኩል የሕንድ ጨርቅ፣ የቻይና ሐርና ምንጣፍ ይገቡ ነበር። ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ከደረሰ በኋላ የዳግማዊ ኢያሱን አዳራሽ ጌጥ ሲገልጽ መስታወትንና የዝሆን ጥርስን ያነሣል። መስታወት የተሞላ አዳራሽ በፋርስም በጎንደርም ነበር ማለት ነው።

ዛሬ በቆሙት የጎንደር አብያተ መንግሥት ግድግዳዎች ላይ ግን የሴት ሥዕል አናይም። ከወረታ ወደ ጎንደር ስንጓዝ በእንፍራንዝ አጠገብ ከኮረብታ ላይ የምናየው፣ በትውፊት ከአፄ ሠርፀ ድንግል ጋር የሚያያዘው የጉዛራ ግንብም ዛሬ ለዐይን የሚያቀርበው ድንጋይና ኖራ ነው። የጎንደር ዘመን ሴት ምስል ወደ ደረሰን ስፍራ ለመሄድ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተን ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባት አለብን።

የፎገራ ሜዳ በምዕራብ በኩል በጣና ሐይቅ ያበቃል፤ ርብና ጉማራም ውኃቸውን የሚያፈስሱት ወደዚያው ነው። በሐይቁ ላይ ባለው በደቅ ደሴት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር እቴጌ ምንትዋብ፣ ውድ ጥልፍ ልብስ ለብሰው፣ ተደፍተው ይታያሉ። ይህ በኢትዮጵያ ሥነ ሥዕል ውስጥ ከታወቁት የሴት ምስሎች አንዱ ነው።

እቴጌይቱ ማን እንደ ነበሩ ባጭሩ ላስታውስ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር፤ የቋራ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበር፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1723 ዓ.ም.፣ እሳቸውም ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አገር መግዛት ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዐመፅ ተነሥቶባቸው ነበር። ባል የሌላት ሴት፣ ሕፃን ንጉሥ ታቅፋ፣ መኳንንቱን ማስገበር ነበረባት። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነን የናርጋውን ሥዕል እንደገና እንመልከተው። ልጇን የታቀፈች እናት ከላይ፣ የንጉሥ እናት ከታች። እቴጌይቱ ከእመቤታችን በታች ተደፍተዋል፤ ነገር ግን ከእሷ በቀር ከማንም ሰው በታች አልተደፉም። ትሕትናውም ሥልጣኑም በአንድ ሥዕል ውስጥ ተነግረዋል።

በዚህ ሥርዓት የተሠሩ ሥዕሎች አጠገብ ብዙ ጊዜ የግእዝ ጽሑፍ ይኖራል፤ ሥዕሉን ያሠራው ወይም ያሠራችው ሰው ስምና «ተማኅፀነት» ወይም «ተማኅፀነ» የሚለው ቃል። ቃሉ ጥበቃን መለመንን፣ በሌላው ጥላ ሥር ራስን ማስጠጋትን ያመለክታል። ስሙ የሚጻፈው ለታይታ ብቻ አይደለም። ካህኑ እንዲጸልይ፣ ቅድስቲቱም ማን እንደ ለመናት እንድታውቅ ነው። ስም ከሌለ ልመናው ባለቤት የለውም።

እንግዲህ ሁለቱን እናነጻጽር። በቃጃር አዳራሽ ሠዓሊው ስሙን ይጽፋል፤ ሴቲቱ ስም የላትም። በጎንደር ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሴቲቱ ስም አላት፤ ሠዓሊው አብዛኛውን ጊዜ ስሙን አይጽፍም። በቃጃር አዳራሽ ሴቲቱ ወደ ተመልካቹ፣ ማለትም ወደ ቤቱ ጌታና ወደ እንግዶቹ ተዘጋጅታ ቆማለች። በናርጋ እቴጌይቱ የተዘጋጁት ለእመቤታችን ነው፤ እኛ ተመልካቾቹ በሁለቱ መካከል በሚደረግ ጉዳይ ላይ የተገኘን ምስክሮች ነን። በፋርስ ሥዕሉን ያዘዘው ሌላ ነው፤ በናርጋ ያዘዙት ራሳቸው የተሣሉት ሴት ናቸው።

ይህን ስል «እነሱ ሴትን አዋረዱ፣ እኛ አከበርን» ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ፍርድ ለምሁር አይመጥንም፤ እውነትም አይሆንም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስሟ እንዲጻፍ ለሴት ርስት፣ ጉልት ወይም ሥልጣን ያስፈልጋት ነበር። የጎንደር ዘመን ሥዕል በቀጥታ በድንጋይ ላይ አልተሣለም፤ የጥጥ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ይለጠፍና በእሱ ላይ ይሣላል። በአገራችን ጥጥ የምትፈትል ሴት ናት፤ ሸማውን የሚሠራው ደግሞ ወንዱ ሸማኔ ነው፤ በጎንደር አካባቢ በሽመናው ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች የታወቁ ነበሩ። ስለዚህ ከእቴጌ ምንትዋብ ምስል ሥር የብዙ ሴቶች የእንዝርት ሥራ አለ፤ የእነርሱም ስም አልተጻፈም።

ከግድግዳው ሲነሣ

የቃጃሩ ሸራና የጎንደሩ ጨርቅ አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ ሁለቱም ከግድግዳ ሊነሡ ይችላሉ። ብዙ የቃጃር አዳራሾች በኋለኛው ዘመን ፈረሱ ወይም ተለወጡ፤ ሥዕሎቹም ከየክፍተታቸው ወጥተው ተበተኑ። ዛሬ በቴህራን ብቻ ሳይሆን በለንደን፣ በሴንት ፒተርስበርግና በትብሊሲ ይገኛሉ። ከመስታወቱና ከጎረቤቶቿ ተለይታ በነጭ ግድግዳ ላይ ብቻዋን የተሰቀለችው ሴት አሁን የአንዲት እመቤት መልክ መስላ ትታያለች። ቅስት ቅርጹን የማያስተውል ተመልካች አዳራሹን ፈጽሞ ሊገምተው አይችልም።

በእኛም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ ጎንደር በደረሰ ጊዜ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ተላጥተው ወደ ፓሪስ ተወሰዱ። በምትካቸው የጉዞው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ሥዕሎቹ ከጥፋት ድነዋል የሚል ይኖራል፤ ተዘርፈዋል የሚልም አለ። እኔ የምጨምረው አንድ ነጥብ ነው። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያንዳንዱ ሥዕል የተመደበ ቦታ አለው፤ ምእመኑም በዙሪያው እየተመላለሰ በሥርዓት ያነበዋል። ያ ሥርዓት በሙዚየም አዳራሽ አይገኝም፤ ቅጂውም ያንን የልመና ቃል መልሶ አያመጣውም።

ሦስተኛ ምሳሌ ልጨምር። በጎንደር ዘመን ከቻይና ሐር የተሠሩ፣ የንጉሣውያን ቤተሰብ ምስል ያለባቸው ታላላቅ መጋረጃዎች አሉ፤ አንዱ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው በቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ምሁራን በእነዚህ ላይ ያለችውን ንግሥት ከምንትዋብ ጋር ሲያያይዟት ቆይተዋል። መጋረጃው ከተሰቀለበት ስፍራ ጋር አብሮ ቢኖር፣ ለማን መታሰቢያ እንደ ተሰጠ የአጥቢያው ካህናት ይናገሩ ነበር። ከስፍራው ስለ ተለየ ግን ስሟ በምርመራ የሚፈለግ ሆነ። እዚህ ላይ የእቴጌይቱ ዕጣ ከቃጃሯ ሙዚቀኛ ዕጣ ጋር ይቀራረባል።

የወረታ ግድግዳዎች

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንመለስ። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦር መንገድ ጋር የሚገናኝባት ስለሆነች መንገደኛ አያጣትም፤ ስለዚህ ምግብ ቤትና ቡና ቤት ሞልቷል። ወደ ውስጥ ስንገባ በግድግዳው ላይ የምናያት ሴት የታወቀች ናት። ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ ከረከቦት ፊት ተቀምጣ ቡና ትቀዳለች፤ ወይም እንስራ አዝላ ከወንዝ ትመለሳለች። ፊቷ ሁልጊዜ ወጣትና ፈገግተኛ ነው። ከሥሯ የሠዓሊው ፊርማና የስልክ ቍጥር ሊኖር ይችላል፤ የእሷ ስም ግን የለም።

ይህች ሴት የቃጃር አዳራሽ ሴቶች የቅርብ ዘመድ ናት። ስለ ራሷ አትናገርም፤ «ይህ ቤት ባህሉን ይወዳል፣ እንግዳ ይቀበላል» እያለች ስለ ቤቱ ትናገራለች። በዚያው ሰዓት ከሥዕሉ ሥር ቡና የምታፈላው እውነተኛዋ ወጣት ቆማለች፤ እንግዳውም ስሟን ሳይጠይቅ ጠጥቶ ይሄዳል።

ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ገበሬው ቤት ስንገባ ሌላ ሥርዓት እናገኛለን። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰፌድ ነው፤ በስንደዶና በቀለም በተነከረ አለላ የተሰፋ። እዚያ ሴቲቱ የጌጡ መልክ አይደለችም፤ የጌጡ ባለቤትና ባለሙያ ናት። ስሟ ባይጻፍበትም ጎረቤቱ ሁሉ «ይህ የእገሊት እጅ ነው» ብሎ ያውቃል። የሰፌዱ ስም በሰው አፍ ውስጥ ይኖራል፤ ነገር ግን ሰፌዱ ገበያ ወጥቶ በከተማ የስጦታ ዕቃ መደብር ሲሰቀል ያም ስም ይቀራል።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በዚህ ሜዳና በሐይቁ ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲስ ሲሠራ፣ ወይም ጣሪያ አፍስሶ ጨርቁ ከግድግዳው ሲላቀቅ፣ ሥዕሉ ተጠቅልሎ በዕቃ ቤት ይቀመጣል። በቦታውም በማተሚያ ቤት የታተመ ሥዕል ይሰቀላል። ይህን የሚያደርጉት ምእመናን ክፋት የለባቸውም፤ ቤታቸውን ማሳመር ነው የፈለጉት። ነገር ግን ጨርቁ ከመነሣቱ በፊት አንድ ቀን መጥቶ በየትኛው ግድግዳ፣ ከየትኛው ሥዕል አጠገብ እንደ ነበረ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ጽሑፉን ፊደል በፊደል የሚገለብጥ ያስፈልጋል። ከሥዕሉ ሥር የተደፋችው ወይዘሮ ማን እንደ ሆነች የሚያውቁትን መሪጌታ ወይም አዛውንት ቁጭ ብሎ የሚጠይቅም ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ፈቃድ ከአጥቢያው አለቃ መጠየቅ፣ ደብተርና እርሳስ መያዝ፣ ግእዝ ለማንበብ መማር ይበቃል። ገንዘብ የሚጠይቅ ጥናት አይደለም፤ ጊዜ ግን አይጠብቅም።

የቃጃር አዳራሽ ሴቶችን ስም ዛሬ ማንም መልሶ ሊሰጣቸው አይችልም፤ መጀመሪያውኑ በግድግዳው ላይ አልተጻፈምና። በእኛ ግድግዳዎች ላይ ግን ገና የሚነበብ ስም አለ። በሰፌዱም ላይ ባይጻፍ፣ የሰፋችው እናት በሕይወት አለች፤ ስሟን መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄ ካላችሁ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።